ተማሪ የሚጽፍበትን ነገር ስለ መምረጥ

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ትምህርቱን ሊጨርስ ሲቃረብ የምርምር ጽሑፍ እንዲያቀርብ ይታዘዛል። ልጁ ዐሳብ ያጣ እንደ ሆነ፣ አባት «ስለ ታላቁ ግድብ ጻፍ እንጂ!» ይለዋል። ግድቡ በእውነት ታላቅ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ተመርቋል። ነገር ግን ለአንድ ተማሪ የጥቂት ወራት ሥራ እጅግ ይሰፋልና፣ ልጁ ከሰው ጽሑፍ ወደ መገልበጥ ይሄዳል።

ስለዚህ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያላቸው ወላጆች ወደ ጾሬ እንዲመለከት ቢመክሩት እንወዳለን። በዚያ አገር ቀርከሃ አለ። «ስለ ቀርከሃ እጽፋለሁ» ማለት ግን ገና ርእስ አይደለም፤ በችሎትም ቢሆን ጭብጥ ሳይያዝ ምስክር አይሰማም። የቆላ ቀርከሃ ቤት ይሠራበታል፤ አጥር ይታጠርበታል፤ ቡቃያውም ይበላል፤ በጅምላ ካበበ በኋላ ግን ይሞታል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በሱዳን በጥቁር ዓባይ ግዛት ጦርነት ስለ ተነሣ ብዙ ሰው ድንበር ተሻግሮ መጣ፤ በ2015ም የጾሬ የስደተኞች ሰፈር ተከፈተ። ለዚያ ሁሉ ሰው ድስት ማገዶ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይወለዳል። ሰፈሩ ከተከፈተ ወዲህ የጾሬ ነዋሪ ለቤቱ ቀርከሃ የሚቈርጠው ከወዴት ነው? መንገዱስ ረዝሞበታልን? ነዋሪና ስደተኛ በእንጨት የተጣሉ እንደ ሆነ የሚያስታርቃቸው ማን ነው? ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይያዝ። እኛ ብንሆን የመጨረሻውን እንመርጥ ነበር፤ ምናልባት የችሎት ጸሓፊነት ልማድ ይሆናል።

ርእሱን ለመምህሩ ከማቅረቡም በፊት፣ ወደ ሰፈሩ መግቢያ ፈቃድ ጠይቆ ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ይዋል። የሚመልስለት ሰው ካላገኘ ጥያቄውን ይለውጥ፤ ወረቀቱ ገና ነጭ ሳለ መለወጥ ቀላል ነው። የተሰደደ ሰው ቃሉ ቀለቡን የሚያስቀርበት መስሎት ሊፈራ ይችላልና፣ ስሙ እንደማይጻፍ አስቀድሞ ይንገረው፤ እንደ ቃሉም ያድርግ። የበርታን ቋንቋ የማያውቅ ተማሪ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ነገር ግን አስተርጓሚው ከተጣሉት ወገኖች የአንደኛው ዘመድ እንዳይሆን ይጠንቀቅ።