ተራርቀው አንድ ሥራ ስለሚሠሩ ሰዎች

በቀድሞ ጊዜ መሥሪያ ቤት ማለት አንድ ቅጥር፥ አንድ አለቃና ባንድ ጣሪያ ሥር የተቀመጡ ጸሐፊዎች ማለት ነበር። ዛሬ ግን ባልደረቦች በየከተማው ሆነው በስልክና በኢንተርኔት እየተነጋገሩ አንድ ሥራ ይፈጽማሉ። ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ባስዘረጉ ጊዜ ትእዛዝ ከፈረስ ቀድሞ መድረስ ጀምሮ ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዘ። ያን ጊዜ ብዙ ስብሰባ ያለ መንገድ ወጪና ያለ አበል ሊፈጸም እንደሚችል ተረዳን። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል በቆየ ጊዜ፥ በመስመር ላይ ብቻ የቆመ ሥራ ከመስመሩ ጋራ እንደሚወድቅ ደግሞ አየን።

ለጌዴኦ ሕዝብ ጉዳዩ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ ቀርቧል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መሥሪያ ቤቶቹ ባንድ ከተማ ሳይከማቹ በወላይታ ሶዶ፥ በአርባ ምንጭ፥ በዲላ፥ በሳውላ፥ በጂንካና በካራት ተከፋፈሉ። ይህም ለየከተማው ክብርና ገበያ ያመጣል። ይሁን እንጂ አንድ የሬኮ ቡና ገበሬ ጉዳዩ ሁለት ቢሮ የሚነካ ቢሆን፥ ሠራተኞቹ በመስመር ካልተገናኙ እርሱ ወረቀት ተሸክሞ በእግሩ ያገናኛቸዋል።

ችግሩ ወደ ቤትም ይገባል። ባል በሶዶ፥ ሚስትና ልጆች በዲላ የሆኑ እንደ ሆነ አንድ ደመወዝ ሁለት ምድጃ ያነዳል። ከቤቱ ሆኖ የሚሠራውንም ቤተ ሰቡ ሥራ የፈታ ይመስለዋል፤ አለቃው ግን ማዕድ ላይ ሳለ እንኳ ይጠራዋል።

ስለዚህ አራት ነገር እንመክራለን። መጀመሪያ፥ «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፥ በስልክ የተቈረጠው ነገር በዚያው ቀን ተጽፎ ለሁሉም ይድረስ። ሁለተኛ፥ የሥራ ሰዓት ተለይቶ ይታወቅ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሚስትና ለልጆች የተገባ ነው። ሦስተኛ፥ ሠራተኞች በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ እንኳ ባንድ ስፍራ ይሰብሰቡ፤ እንጀራ ባንድነት ያልቈረሱ ሰዎች በጽሑፍ ብቻ ሲነጋገሩ ቀልዱ እንደ ስድብ፥ ዝምታውም እንደ ንቀት ይቈጠራልና። አራተኛ፥ አለቃ ሠራተኛውን በፈጸመው ጉዳይ ይመዝነው እንጂ ወንበር ላይ በቈየበት ሰዓት አይመዝነው።

የዚህ ሁሉ መለኪያው ባለጉዳዩ ነው። የሬኮው ገበሬ ማለዳ ዲላ ገብቶ በዚያው ቀን መልሱን ይዞ ከተመለሰ፥ ቢሮዎቹ ቢራራቁም አንድ ቤት ናቸው። «ወደ ሌላ ከተማ ሂድ» ከተባለ ግን፥ ሠራተኞቹ ባንድ ግቢ ቢቀመጡም እንኳ ተለያይተዋል ማለት ነው።