በበረዶ ሥር ያለው ግጦሽ

ሬንዲር በረዶውን በኮቴው እየጫረ፣ ሽታ እየመራው፣ ሥር የተቀበረውን መኖውን፣ ላይከንን፣ ይፈልጋል። በረዶው ሲጠልቅ ጭንቅላቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይሰወርና ከሩቅ ጀርባው ብቻ ይታያል። የሰሜን ስዊድን ሬንዲር አርቢዎች፣ ሳሚ የተባለው ሕዝብ፣ ለዚህ ግጦሽ «ጉኦህቱን» የሚል ቃል አላቸው። ቃሉ መኖው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ከብቱ በረዶውን ጥሶ ሊደርስበት መቻሉንም ይጨምራል። የእንጨት ኩባንያዎችና የሳሚዎች ጠብ እዚህ ቃል ውስጥ የተቋጠረ ይመስለኛል። የደን ባለሙያው ሄክታር ይቆጥራል፤ አርቢው ግን «ዘንድሮ፣ በዚህ በረዶ፣ ከየትኛው ጫካ ይበላል?» ነው የሚለው።

በብርዱ ወራት መሐል ዝናብ ይጥልና መልሶ ይቀዘቅዛል። በረዶው ላይ ግግር ይጋገራል፤ የመሬቱ ላይከን ይቆለፍበታል። ያኔ ከብቱን የሚያተርፈው ካረጀ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ነው፤ እኛ አገር ደጋው ላይ «የዛፍ ሽበት» የምንለው ዓይነት። ሽበት ደግሞ በወጣት ላይ አይወጣም። ጫካው ከዳር እስከ ዳር ሲጨፈጨፍ ይህ መጠባበቂያ አብሮ ይሄዳል። ለተከላ ሲባል አፈሩ በማሽን ሲገለበጥም በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚያድገው የመሬቱ ላይከን ይቦጨቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በስዊድን ላይከን የበዛበት ደን በ60 ዓመት ውስጥ በ71 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ኮንቶርታ የተባለው ጥድማ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚያድግ ከብት ለማሳለፍ እንኳ ያስቸግራል።

እንጨቱ ለሰሜኑ ሕዝብ እንጀራ ነው፤ ደን ያለው፣ መጋዝ ይዞ የሚሠራ ሳሚም አለ። ስለዚህ መቁረጥ ይቅር አልልም። በቆረጣውና በግጦሹ መካከል ይጠበቅ የሚባለው «ሚዛን» ግን አይዋጥልኝም። የስዊድን የደን ሕግ ከአርቢዎች ጋር መመካከርን ግዴታ የሚያደርገው ዓመቱን ሙሉ በሚሰማሩበት ምድር ነው። የብርዱ ወራት ጫካ፣ ጠቡ የሚበረታበት፣ ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በኑርድማሊንግ አካባቢ በተነሣ ክርክር አርቢዎቹ በግል መሬት ላይ ጭምር የልማድ ግጦሽ መብት እንዳላቸው ቢፈርድም፣ መብቱ ላይከን ካልቀረ ምን ይሠራል? መኖ ገዝተው ያብሉ የሚል አለ። ወጪው ለአርቢው ሸክም ነው፤ በረት ውስጥ ተጠጋግተው የሚበሉ ሬንዲሮችም የዓይን በሽታ ይዛመትባቸዋል።

ጎደለ የምለው «እዚህ አትቁረጥ» ብሎ መከልከል የሚችል አፍ ነው። ፊንላንድ ውስጥ፣ ኢናሪ አካባቢ፣ ይህ በጥቂቱ ታይቷል። የመንግሥቱ የደን ድርጅት የሚቆርጠውን ጫካ አርቢዎች ተቃወሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ቆረጣው ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ድርጅቱና አርቢዎቹ ሰፊ የግጦሽ ደን ሳይነካ እንዲቆይ ተስማሙ። ስምምነቱ ለ20 ዓመት ነው፤ ሊያልቅም ብዙ አልቀረውም።