የሐኪሙንስ ልብ ማን ያክመዋል?



በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ተቋረጠ፤ ቆይቶም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። ከእነርሱ መካከል ነገ ሐኪም የሚሆኑት ይገኙባቸዋል።

እስቲ ወደ ላስታ ደጋ፣ እንደ ገነተ ማርያም ወዳለ ቀዬ የተመለሰውን የሕክምና ተማሪ እናስብ። ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚቀሰመው ትምህርት በስልክ አይገኝም። የሚመረቅበት ቀን አይታወቅም። ጎረቤቱ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ሲለው መልስ የለውም። በሽታውን ለእናቱ እንዳያመጣባትም ይሰጋል።

ይህ ልጅ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ምግብ ቢያስጠላው፣ የሚወደው ሁሉ ቢሰለቸው ምን እንለዋለን? ብዙዎቻችን «ኢማንህ ደክሟል፤ ቁርኣን ቅራ» እንላለን። መቅራቱስ መልካም ነው። ነገር ግን ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አዝነዋል። ታዲያ ኢማናቸው ደክሞ ነበርን? ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ስንታመም እንድንታከም አዘውናል። ድብርትም በሽታ ነው፤ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል።

ወላጆች ሆይ! ወረርሽኙ አለፈ፤ ዝም ያለው ልጅ ግን ዛሬም በቤታችን ሊኖር ይችላል። አንቆጣው፤ እናድምጠው። ሞትን የሚመኝ ከሆነ ብቻውን አንተወው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። ሕክምና መማር ከመታመም አያድንም።