ቀበሌውን ከማሳው ቁጥር አውጡት

ይድረስ የመሬት መዝገብ ሶፍትዌር ለምትቀርጹ ባለሙያዎች፤

የጻፍሁላችሁ ስለ አንድ ልማዳችሁ ነው፤ የማሳ መለያ ስትሰጡ የዞኑን፣ የወረዳውንና የቀበሌውን ኮድ አስቀድማችሁ ተራ ቁጥሩን ከኋላ ትቀጥላላችሁ።

ለምሳሌ የጎጃሞቹ ብቸናና ሞጣ በንጉሡ ዘመን የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ። ዛሬ አውራጃ የለም፤ ብቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ መቀመጫ ናቸው። ያኔ በእናንተ ስልት ተቆጥሮ ቢሆን፣ ክንድ ያህል ያልተነቃነቀ ማሳ ስንቴ መለያው በተለወጠ! ቀበሌ ይከፈላል፣ ወረዳ ይታጠፋል። ቁጥሩን ብትለውጡት የገበሬው ደብተር፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔና የብድር ውሉ ከመዝገቡ ጋር አይገጥሙም፤ ባትለውጡት ቁጥሩ ይዋሻል።

የኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል ሠሪዎች ይህን ጣጣ ያውቁታል። በቨርችዋል ማሽን ውስጥ ያለው ዕቃ በሶፍትዌር የተመሰለ ስለሆነ ድራይቨሩ የሚመራው በሚነገረው ቁጥር ነው። ቨርትአይኦ በተባለው ስታንዳርድ 1 የኔትወርክ ካርድ፣ 2 ዲስክ፣ 3 ኮንሶል ነው። 2 ዓይነቱን ብቻ ይናገራል፤ በየትኛው ስሎት እንደተቀመጠ ከባሱ ይጠየቃል። የትኛው ዲስክ እንደሆነ ደግሞ እስከ 20 ባይት በሚደርስ የራሱ መለያ ይታወቃል። ምንድን ነው፣ የት ነው፣ የትኛው ነው የሚሉት ጥያቄዎች ለየብቻ ይመለሳሉ። በሊኑክስ ዲስክን በተገኘበት ተራ ስም ብቻ የሚጠራ ሰው፣ ሌላ ዲስክ የተጨመረ ዕለት ስሙ ተዛውሮ ጉድ ይሆናል።

«ኮዱን አይተን ቀበሌውን እንለያለን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታዲያ ቀበሌውን ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉት! የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ባለ 12 አሃዝ ነው፤ የባለቤቱን ወረዳ አይናገርም፤ ማንም ግን በዚህ አልተቸገረም።

ደግሞስ የምትሠሩበትን አገር አስቡ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ አብሮት የሚመጣው የመሬት ልኬታ ርስታችንን ይነጥቀናል ብሎ ካመፀው የጎጃም ገበሬ መካከል የሞጣና የብቸና ሰው ግንባር ቀደም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ያለምክንያት ሲለወጥ ቢያይ ምን ሊያስብ ነው?

ስለዚህ ቁጥሩ ትርጉም አይኑረው። ቀበሌው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በቀን ተመዝግቦ ለብቻው ይቀመጥ። ማሳው በውርስ ሲከፈል ደግሞ አሮጌውን ቁጥር ለአንዱ ወራሽ አትተዉለት፤ ዝጉት፣ ለሌላ ማሳም ከቶ አትስጡት፤ ለየቁራሹ አዲስ ሰጥታችሁ ከየት እንደተከፈሉ መዝገቡ ላይ አያይዙ።