ሚዛን ወይስ የሚዛን ስርቆት?

በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ዘመን ላይ የተመሠረተ የምናብ ጌም ቢሠራ የወላይታው ተዋጊ ቀላል ለባሽና ምት አምላጭ፣ ባዕዱ ደግሞ ጥሩር ለባሽና ቀርፋፋ ይሁን፤ ያኔ ሚዛኑ ይጠበቃል የሚል አስተያየት ሰሞኑን ሰማሁ። ተናጋሪው ያሞገሰን መስሎታል። ሙገሳው ሲፈተሽ ግን የወላይታ ሰው መከላከያው እግሩ ብቻ ነው፣ ብረት፣ ካብና ብልሃት የሌላው ነው ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ «ሚዛን» ከታሪካችን የተገኘ ሳይሆን ከጌም ደንብ መጽሐፍ ተቀድቶ የተለጠፈብን ነው። የሚያሳዝነው፣ ተናጋሪው የቀዳው ደንብ ራሱ የተንጋደደ መሆኑን ልብ አለማለቱ ነው።

ለምሳሌ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የምናብ ጌም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትሙን እንይ። ሙሉ የብረት ጥሩር 1,500 ወርቅ ያወጣል፤ የመከላከያ ነጥቡም 18 ነው። የብረት ጉጥ ያለው የቆዳ ልብስ 45 ወርቅ ነው፤ ቅልጥፍናው ጣሪያ የነካ ተዋጊ ሲለብሰው 17 ያገኛል። ከ30 እጥፍ በላይ የከፈለው ምስኪን ያተረፈው 1 ነጥብ! በዚያ ላይ ተደብቆ ማለፍ ይቸግረዋል፣ ጥሩሩን ለመልበስም 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቅልጥፍና ግን ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ ቀስት ለማነጣጠር፣ ቀድሞ ለመምታት፣ ከእሳት ነበልባል ለማምለጥም ያገለግላል። አንዴ ተከፍሎበት አራቴ የሚቆጠር ነገር ሚዛን ከተባለ፣ ገበያ ላይ ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴም ፍትሐዊ ነው። የችግሩ ሥር ደግሞ ምት ማምለጥንና ምት መቻልን በአንድ ቁጥር መጨፍለቁ ነው። ረንኩዌስት የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1978 ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ በእርሱ ደንብ ጥሩር ከደረሰው ጉዳት ላይ ይቀንሳል እንጂ ምቱን አያስትም። ጥሩር ለባሽ ሁሉ ቀርፋፋ ነው የሚለውም ተረት ነው። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጥሩር ክብደቱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን በመላ አካል ላይ ይከፋፈል ነበር፤ የለመደው ሰው ይሮጥበታል፣ ፈረስም ይወጣበታል።

አሁን ወደ ወላይታ እንምጣ። በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው የአማዶ ኬላ ካብ፣ በጎረቤት ዳውሮም የንጉሥ ሃላላ ካብ የሚመሰክሩት የሸሺዎችን ጥበብ አይደለም። መሬት ቆፍሮ፣ ድንጋይ ደርቦ ጠላትን የሚያቆም ሕዝብ ከከባድም ከባድ መከላከያ ነበረው፤ ልዩነቱ ትከሻው ላይ አለመሸከሙ ብቻ ነው። ወላይታ አስቀድመው የተላኩበትን ዘመቻዎች መልሷል። በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ራሳቸው ብዙ ጦርና ብዙ ጠመንጃ ይዘው ሲዘምቱ ግን መከላከያው ተሰበረ፤ ካዎ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። ያንን ጦርነት የወሰነው የጋሻ ክብደት ወይም የእግር ፍጥነት ሳይሆን የመሣሪያ ልዩነት ነው። ጥይት ጋሻ ይበሳል፤ በርካታ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ ሲተኩስም ጎንበስ ብሎ የሚያመልጥ ቀልጣፋ የለም።

«ጌም እንጂ የታሪክ ፈተና አይደለም፤ ከባዱ ጉድለት ከሌለው ሁሉም እርሱን ይመርጣል» የሚሉኝ ይኖራሉ። ጉድለት ይኑረው፤ ግን የራሱ ጉድለት ይሁን። ዋጋው ይናር፣ ጠጋኝ አንጥረኛ ይፈልግ፣ በቆላ ሙቀት ለባሹን ያድክመው፣ ለጦር የበጀው ለጥይት አይብጅ። ካብና ቦይም ጉልበትና ጊዜ ያስከፍል፤ የተገነባበትን ቦታ እንጂ ሌላውን አይጠብቅ። ያኔ ተጫዋቹ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣበት አስቦ ይመርጣል፤ ሚዛን ማለትም ይህ ነው። ለአንዱ ሕዝብ ብረት፣ ለሌላው ሩጫ ማደል ግን ስንፍና ነው። የጦናን ስም ለጌም የሚፈልግ ሰው የእግር ነጥብ ከማከፋፈሉ በፊት አማዶ ኬላን ይቁጠር።