ድካሙ ቢቀር ደስታው ለምን ይቅር? ስለ ጋቢ ሥራ

ጋቢ የማይገኝበት ቤት በአገራችን ጥቂት ነው። ሌሊት ብርድ ልብስ፥ ማለዳ መደረቢያ፥ ለታመመ መጠቅለያ፥ ለእንግዳ ማክበሪያ ሆኖ ያገለግላል። ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ጊዜ ለአባቱና ለእናቱ ጋቢ ገዝቶ በትከሻቸው ላይ ጣል ሲያደርግ ምርቃት ይቀበላል፤ ወደ ብርዳማ አገር ከሚሄደውም ሰው ሻንጣ ውስጥ እናቱ የሰጠችው ጋቢ አይጠፋም። ነገር ግን ይህን ያህል የምንወደው ልብስ እንዴት እንደሚሠራ፥ ይልቁንም በሥራው ውስጥ ምን ያህል ደስታ እንዳለ የሚያውቀው ሰው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ዛሬ ጋቢ ከጥጥነቱ ተነሥቶ ከትከሻ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች እየተከተልን፥ የሥራው ደስታ በየትኛው ስፍራ እንደሚገኝ እንመለከታለን።

አስቀድመን ግን አንድ እውነት መናገር ይገባናል። ለአያቶቻችን መፍተል የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አልነበረም። ሴቲቱ ውኃ ቀድታ፥ እህል ፈጭታ፥ እንጀራ ጋግራና ልጆቿን አስተኝታ ካበቃች በኋላ በኩራዝ ብርሃን እንዝርቷን ታነሣ ነበር። እርሷ ካልፈተለች ቤተ ሰቡ የሚለብሰው አያገኝም። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን ሁሉ እንደ ገነት አድርጎ መተረክ በደከሙት እናቶች ላይ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ይሁን እንጂ እነዚያው እናቶች ስለ ወፍጮው ሲያወሩ ወገባቸውን ይይዛሉ፤ ስለ ፈትሉ ሲያወሩ ግን ፊታቸው ይፈካል። ሁለቱም ድካም ከሆኑ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የነገራችን ቁልፍ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ መዳመጥ ነው። ከነፍሬው የተለቀመው ጥጥ በፀሐይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ በልሙጥ ድንጋይ ላይ ይደረግና በቀጭን የብረት ዘንግ ሲዳመጥ፥ ፍሬው እየተፈናጠረ ይወጣል፤ ንጹሑ ጥጥ ይቀራል። ከ3 ኪሎ ግራም ያልተዳመጠ ጥጥ የሚገኘው ንጹሕ ጥጥ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው ፍሬ ነው። ይህ ሥራ ክንድ ያደክማል፤ ደስታውም ገና አልተጀመረም።

ቀጥሎ ጥጡ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ከጥጡ ጋር ተገናኝቶ በተመታ ቁጥር፥ ታምቆ የነበረው ጥጥ እየተፍታታ እንደ ማለዳ ጉም ይነፋፋል። ይህም ባዘቶ ይባላል። በዚህ ሰዓት ልጆች ከአጠገብ አይርቁም፤ የጅማቱ ድምፅ ይስባቸዋል፤ ጥቂት እፍኝ ብቻ የነበረው ጥጥ ዐይናቸው እያየ ሰፌዱን ሲሞላው ይደነቃሉ። የመጀመሪያው ደስታ እንግዲህ ይህ ነው፤ ጠጣር የነበረው ነገር በእጅ ሥራ ሲለሰልስ ማየት። ባዘቶውም ለእጅ እንዲመች ሆኖ በጥቂት በጥቂቱ ይጠቀለልና አመልማሎ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ደስታ ግን በሦስተኛው ደረጃ፥ በመፍተሉ ላይ ይገኛል። እንዝርት ክብ ማሽከርከሪያ የተሰካባት ቀጭን ዘንግ ናት። ፈታይዋ በአንድ እጇ አመልማሎውን ይዛ በሌላው እጇ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ጥጡም እየተሳበ፥ እየቀጠነና እየከረረ ፈትል ይሆናል። ጀማሪ ስትሆን ክሩ በየጊዜው ይበጠስባታል፤ አንድ ቦታ ይወፍራል፥ ሌላው ቦታ ይሳሳል። እጅ ከለመደ በኋላ ግን ጣቶች ራሳቸው ያውቁታል፤ ዐይንና ጆሮ፥ አንደበትና ልብ ነጻ ይወጣሉ።

የወፍጮና የእንዝርት ልዩነት ያለው በዚህ ላይ ነው። ወፍጮ ድምፁ ጨዋታ ያቋርጣል፤ ምጣድ ጢሱ ዐይን ያስለቅሳል፤ ማገዶና ውኃ ለብቻ ያስኬዳሉ። እንዝርት ግን ድምፅ የላትም፥ ጢስም የላትም፥ ከሰውም አታርቅም። ስለዚህ ጎረቤቶች ቡና ተጠራርተው ሲመጡ አመልማሏቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። እየፈተሉ ተረት ይነገራል፤ እየፈተሉ የታመመ ይጠየቃል፤ የተኳረፉት ሳይታሰቡ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነገራቸው ይበርዳል። ልጅ በፊት ለፊት ተጠርታ ስትመከር የምታፍረውን ነገር፥ ከእናቷ አጠገብ ሆና ዐይኗን ክሩ ላይ ጥላ ትጠይቃለች። የእንዝርቷ ሥራ ክር ማውጣት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህም በቀር ፈታይዋ ለማን እንደምትፈትል ታውቃለች። ይህ ለባሏ ነው፤ ያ በርቀት ለሚማረው ልጇ ነው፤ ያኛው ለምትወልደው ልጇ የአራስነት መደረቢያ ነው። አንድ ጋቢ የሚሆን ፈትል በአንድ ቀን አያልቅም፤ ስለዚህ ሰውየውን በልቧ እንደያዘች ሳምንታትና ወራት ያልፋሉ። ልቃቂቱ በሙዳዩ ውስጥ አንድ፥ ሁለት፥ ዐሥር እየሆነ ሲጨምር የምታየው የክሩን ብዛት ብቻ ሳይሆን ያን ሰው ያሰበችበትን ሰዓት ነው። በገንዘብ የተገዛ ጋቢ ሙቀት ይሰጣል፤ ይህን ግን ሊሰጥ አይችልም።

ሙያውም ዕውቀት የሌለበት አይምሰላችሁ። ሸማ ድርና ማግ አለው። ድሩ በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ስለሚፋተግ ቀጭንና በደንብ የከረረ መሆን ይገባዋል፤ ማጉ ግን ለጋቢ ሲሆን ወፈር ያለና ለስላሳ ይሆናል። ሙቀቱን የሚይዘው በጥጡ ጭረቶች መካከልና በጋቢው ድርብርብ ውስጥ ታግቶ የሚቀረው አየር ነውና፥ ማጉ እጅግ ከከረረ ጋቢው ከባድ ይሆናል እንጂ አይሞቅም። ይህን ሴቶቻችን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጣታቸው ተማሩት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረትም አንድ ክር ለብቻው ምን ያህል ደካማ እንደሆነ በሚያውቁ ሰዎች መካከል የቆየ ነው።

ይህ ሥራ በሃይማኖታችንም ዘንድ የተናቀ አይደለም። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በቤተ መቅደስ ሳለች ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደነበረ በትውፊት ይነገራል፤ በብዙ የብሥራት ሥዕሎችም መልአኩ ገብርኤል ሲያበሥራት ፈትል በእጇ ይዛ ትታያለች። መጽሐፈ ምሳሌም በ31ኛው ምዕራፍ መልካሚቱን ሴት ሲያመሰግን እጇን ወደ እንዝርት እንደምትዘረጋ፥ ቤተ ሰቧም በሚገባ ስለለበሱ የብርድ ወራት እንደማያስፈራት ይናገራል። በበዓል ቀን ደግሞ እንዝርት ተቀምጣ ትውላለች፤ ይህም ዕረፍት ለደከመችው እናት የተጠበቀላት መብት ነበር።

ልቃቂቱ በበቃ ጊዜ ወደ ሸማኔው ይወሰዳል። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ ድሩን በእግሩ እየከፈተ፥ መወርወሪያውን በእጁ ከዳር እስከ ዳር ያሾልካል። እግርና እጅ፥ ዐይንና ጆሮ በአንድ ልክ ካልሄዱ ሸማው ይጣመማል። ፈትል የሴቶች፥ ሽመና የወንዶች ሙያ ሆኖ በመቆየቱ ጋቢ ያለ ሁለቱ ትብብር አይገኝም። በተለይ የጋሞ ደጋ ሰዎች፥ ከእነርሱም የዶርዜ ሸማኔዎች በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚታየው የሸማ ገበያም ከእነርሱ እጅ ብዙ አግኝቷል። የሚያሳዝነው ግን ሸማውን በክብር ለብሰው ሸማኔውን በንቀት ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰዎች መኖራቸው ነው። ጋቢውን በትከሻችን አድርገን የሠራውን እጅ ማዋረድ፥ እንጀራውን በልቶ አራሹን እንደመስደብ ይቆጠራል። ልጆቻችን ሸማኔውን በስሙና በአክብሮት እንዲጠሩት ማስተማር የወላጆች ፋንታ ነው።

ሸማው ተሸምኖ፥ ተደርቦና ተሰፍቶ ወደ ቤት ሲመለስ ሌላ ደስታ ይመጣል። በየምሽቱ በጥቂት በጥቂቱ የወጣው ክር አንድ ሰፊ ነጭ ልብስ ሆኖ ሲዘረጋ ፈታይዋ የራሷን ሥራ እንደ አዲስ ታየዋለች። ወዲያውም አጥፋ ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች። እንግዲህ የደከመችበትን ሰጥታ ለእርሷ ምን ቀረላት የሚል ቢኖር፥ ሠሪውንና ሥራውን የሚያስተሳስረው ፍቅር በመስጠት ወይም በመሸጥ እንደማይበጠስ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ።

በአሜሪካ ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙና እየደራረቡ ብርድ ልብስ የመስፋት የቆየ ልማድ አላቸው። ሐሪየት ፓወርስ የተባለች ጥቁር ሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 በጆርጂያ ግዛት በባርነት ተወለደች። ነጻነት ካገኘች በኋላ የአዳምንና የሔዋንን፥ የያዕቆብን ሕልም፥ የጌታን ጥምቀትና ስቅለት የመሳሰሉትን ታሪኮች በ11 ክፍል ከጨርቅ ቆርጣ የሰፋችበትን አንድ ብርድ ልብስ ሠራች። በ1886 በአቴንስ ከተማ በተደረገው የጥጥ ትርኢት ላይ ሲቀርብ አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛው ብትፈልግ ሐሪየት አልሸጥም አለች። በ1891 ግን ችግር ስለጸናባት በ5 ዶላር ሸጠችው። ስታስረክበውም እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳች፤ ከዚያም በኋላ ሥራዋን ለማየት ወደ ገዢዋ ቤት ደጋግማ ትሄድ ነበር። ያ ብርድ ልብስ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር በክብር ተጠብቆ ይገኛል። ለገዢዋ ዋጋው 5 ዶላር ነበረ፤ ሠሪዋ ግን እየተመላለሰች ታየው ዘንድ ያስገደዳት ነገር ዋጋ አልወጣለትም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በዛሬው ጊዜ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ይመጣል፤ ማጉም ተፈትሎ ከገበያ ይገዛል፤ ብዙዎቻችንም ያለቀለትን ጋቢ ገዝተን እንገባለን። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። እናቶች ከሌሊት ድካም ማረፋቸው ደግ ነው፤ ከፈትል ወደ ትምህርት ቤት የሄደችውንም ልጅ ማንም ወደ ኋላ ሊመልሳት አይገባም። ጉዳቱ ድካሙን ስንጥል ደስታውን ከእርሱ ሳንለይ አብረን መጣላችን ነው። ዱሮ አስጨናቂ የነበረው ግዴታው ነው፤ አብሮ መቀመጡ፥ ማውጋቱና ስለሚወዱት ሰው እያሰቡ መሥራቱ አልነበረም። ግዴታው ከተነሣልን፥ ደስታውን ለብቻው ለማግኘት ከአያቶቻችን ይልቅ እኛ ዕድለኞች ነን።

ስለዚህ ለአንባብያን ቤተ ሰቦች የምናቀርበው ምክር ቀላል ነው። ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጋቢ ለመፍተል ይሰብ፤ ካልተቻለም በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ይሁን። የተዳመጠ ጥጥ ከገበያ ይገዛ፤ መዳመጡ ባይሠራ የሚጎድል ደስታ የለም። መንደፉና መፍተሉ ግን በቤት ይሁን። ድሩን ሸማኔው ከፋብሪካ ክር ቢያደርገው ማጉ ይበቃችኋል። ጋቢው ለማን እንደሆነ ከመጀመሩ በፊት ይወሰን፤ የሚፈተለው ለሰው ነውና። ወንዶች ልጆችም ደጋን ከመምታትና እንዝርት ከመሞከር አይከልከሉ። የጀማሪው ሻካራ ፈትል አይጣል፤ በማጉ ውስጥ ገብቶ ለዘላለም የልጁ መታሰቢያ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ መፍተል የሚያውቁ አንዲት አሮጊት ካሉ፥ ዛሬውኑ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ይህ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ የሚተላለፍ ስለሆነ እርሳቸው ያላስተማሩትን ማንም በመጽሐፍ ፈልጎ አያገኘውም።

በግብረ ሐዋርያት በ9ኛው ምዕራፍ ጣቢታ የተባለች ደግ ሴት በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ፥ መበለቶቹ ስለ እርሷ ብዙ ቃል አልተናገሩም፤ እያለቀሱ በሕይወቷ ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ለሐዋርያው ለጴጥሮስ አሳዩት። የደግነቷ ምስክር በገላቸው ላይ ነበረ። በእኛም ቤት ከግድግዳው ላይ ተሰክታ አቧራ የጠጣች እንዝርት ብትኖር፥ ወርዳ ትጠረግ፤ አንድ ሰውም ይታሰብባት።