ማዳበሪያውና ዕዳው



«የወላይታ ገበሬ ከድህነት ያልወጣው አዲስ ነገር ስለማይቀበል ነው» የሚል ንግግር በየክፍሉና በየምግብ አዳራሹ እንሰማለን። ተናጋሪው ራሱ የገበሬ ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

በመጀመሪያ ነገሩ ሐሰት ነው። ከሶዶ ጥቂት ወጣ ብሎ የአንዱን ቤት ጓሮና ማሳ ያየ ሰው በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ ድንችና ካሳቫ ያገኛል። አራቱም ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ዛሬ ከእንሰቱና ከጎደሬው ጎን ቆመው ወላይታን ይመግባሉ። ይህን ሁሉ ተቀብሎ ያላመደ ገበሬ በምን ድፍረት ነው አዲስ ነገር ጠላ የሚባለው?

ልማት አልደረሰውም እንዳይባልም ደርሶታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ «ዋዱ» የሚሉት፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አቀረበ፤ መሬት የጠበባቸውን ደገኞች ወደ አበላ ቆላ አውርዶ አሰፈረ። ሥራው መልካም ነበር። ነገር ግን መሬቱ የማን ነበር? በጭላሎ በስዊድን ርዳታ ቀደም ብሎ የተቋቋመው ካዱ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ ምርቱ ሲያድግ ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አባረረ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ የተሰለፉት ታላላቆቻችን በከንቱ አልጮኹም።

የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ባለርስቱ ሄደ፤ ረሀቡ ግን አልሄደም። በ1977 ወላይታን መታ። በ1992 የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ስኳር ድንቹ ሲጠፋ ተመልሶ መጣ፤ አገሩ ለምለም እየመሰለ ሕፃናት ከሱ። መንገደኛ በመኪና መስኮት እያየ «ይህን በመሰለ አገር እንዴት ይራባል?» ይል ነበር። አረንጓዴ ረሀብ የተባለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ያመጣው፣ ቆይቶም መንግሥት አገር አቀፍ ያደረገው «ፓኬጅ» የሠርቶ ማሳያ ማሳው እስከ ግማሽ ሄክታር ነበር። በወላይታ ደጋ ግን የብዙው ቤተሰብ መሬት በሙሉ፣ ቤቱና እንሰቱ ያለበት ጭምር፣ ግማሽ ሄክታር አይሞላም! ገበሬው ያለውን ሁሉ ለአንድ ዘርና ለአንድ ዝናብ እንዲያስይዝ ተጠየቀ ማለት ነው። ማዳበሪያው በብድር ነበር። ዝናቡ ሲቀር ዕዳው አይቀርም ነበር። ዝናቡ ቢዘንብስ? በ1994 ምርቱ በዝቶ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ለማዳበሪያ ዕዳ በሬያቸውን የሸጡ ነበሩ። ወዲያው ድርቅ ተከተለ። ዕዳው የሚጠየቀው ደግሞ በመከር፣ እህሉ ከሁሉ ጊዜ በረከሰበት ወር ነበር። ባለሀብት ነጋዴ እንኳ እንዲህ ያለ ውል አይፈርምም። ገበሬው ሲያመነታ ግን «ኋላ ቀር» እንለዋለን!

ስለዚህ ማዳበሪያ አይምጣ አንልም። ያለ ማዳበሪያ የደከመው መሬት እንደማይበቃ እናውቃለን። የምንለው አደጋውን ገበሬው ብቻውን አይሸከም ነው። የብድር መክፈያው ጊዜ ከመከሩ ይራቅ፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ዕዳውን የሚሸከም መድን ይኑር። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ነፍስ አድኗል፤ ነገር ግን መንገድ ጠርጎ ቀለብ መቀበል የእርሻን አደጋ አይከፍልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጓሮው ነው። ቤተሰቡ በክፉ ቀን የሚተርፈው በእንሰቱ ነው፤ እንሰቱን ፍቃ ቆጮውን የምታወጣው ሴቲቱ ናት። ባለሙያው ግን አባወራውን ጠርቶ ስለ በቆሎ ያወራል። የእንሰት አጠውልግ ተክሉን እያደረቀ ነው፤ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ በሽታው ይተላለፋል። ይህን ለእርሷ ለመንገር ስንት ብር ይጠይቃል? ድርቅ ካለፈ በኋላ የሚተከል የስኳር ድንች ሐረግ የሚያቆይ አንድ እርጥብ ቦታ በየቀበሌው ቢኖር፣ በ1992 እንደሆነው ዘር ፍለጋ መንከራተት ባልበዛ ነበር።

እኛስ? የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስለ ገበሬው እንጽፋለን፤ መጠይቅ ይዘን እንሄዳለን፤ ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። ውጤቱን በወላይትኛ ለዚያው ቀበሌ የሚያነብ ማን ነው? ከዚህ ዓመት ተመራቂዎች እንዲጀመር ለመምህሮቻችን እናቀርባለን። «ገበሬው ሰነፍ ነው» የሚለውን አሁንም የሚያምን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ አንድ ሙሉ ገጽ እንለቅለታለን።